ምንም የማይገዛ ሰው የት ይቀመጥ?

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ሱቅ ልጽፍ ነው ስላችሁ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ስለ ሸቀጥ ያወራል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ታገሡኝ። የማወራው ስለ ሸቀጡ ሳይሆን ስለ መቀመጫው ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት፣ በረዶው በከፋበት አንድ ቅዳሜ ነው። እዚህ ስቶክሆልም ዳርቻ፣ ከምኖርበት ሰፈር ጥቂት ጣቢያዎች ራቅ ብሎ በሚገኝ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ አምስት ስድስት የሚሆኑ አበሻ ሽማግሌዎች ለዓመታት የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ነበር። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ጎራ እያልኩ የአገር ወሬ እቃርም ነበር። ያን ቀን ስደርስ ወንበሩ የለም። በቦታው የስልክ መሸፈኛ የሚሸጥ ትንሽ ኪዮስክ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ሲጨዋወቱ አንድ ወጣት የጥበቃ ሠራተኛ መጣና መተላለፊያ ስለሚዘጋ እንዲንቀሳቀሱ ጠየቃቸው። መልካቸውን አየት አደረገና «ይቅርታ አባቶቼ፣ ታዝዤ ነው» አለ፤ በጥሩ አማርኛ። ከመካከላቸው ጋሼ የምላቸው፣ ጡረታ ከወጡ የቆዩት ሰው ፈገግ ብለው «አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ። ለመሆኑ ስንት ብር ብንገዛ ነው መቀመጥ የሚፈቀድልን?» አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ ፍለጋ ነው።

እስቲ ከመሐል ከተማው እንጀምር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስዊድኖች «ቫሩሁስ» የሚሉት፣ ከመርፌ እስከ ፒያኖ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጠው ትልቅ መደብር፣ በዚህ ከተማ ረጅም ዕድሜ አለው። ሆቶርዬት አደባባይ ላይ የነበረው «ፑብ» ሥራውን የጀመረው በ1882 ነው፤ ስሙም የመሥራቹ የፓውል ኡ. ባሪስትረም ስም ምህጻር ነው። ግሬታ ጋርቦ የዓለም ዝነኛ ተዋናይት ከመሆኗ በፊት በ1920 እዚያ ባርኔጣ ትሸጥ ነበር። ሌኒንም በ1917 ከስዊዘርላንድ ወደ ሩሲያ ሲያልፍ ልብስ የገዛው እዚሁ ነው። የተማሪው ንቅናቄ ትውልድ ሆይ፣ መጻሕፍቱን ደብቀን ያነበብንለት ሰውዬ ለአብዮቱ የለበሰው ከቡርዣ መደብር ገዝቶ ነበር ማለት ነው! ዛሬ ፑብ መደብርነቱ አብቅቷል። ሕንጻው በ2016 ሆቴል ሆኖ ተከፈተ።

ሀብታሙ ደግሞ «ኤንኮ» ነበረው። ፈርዲናንድ ቦቤሪ የነደፈው የሃምንጋታን ሕንጻ በ1915 ነው የተከፈተው። ለድሃው ደግሞ በ1930 የተመሠረተው ርካሹ «ኤፓ» ነበረለት። ኤፓን ምሁራኑ ይንቁት ነበር፤ ስሙም የርካሽ ነገር መጠሪያ ሆኖ ቀረ። መደብሩ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከስሞ፣ ስሙ ዛሬ የሚነሳው የገጠር ጎረምሶች በሚነዱት «ኤፓ ትራክተር» ነው።

እነዚህ መደብሮች ለምን ወደቁ? አብዛኛው ሰው በኢንተርኔት ያሳብባል። አማዞን የስዊድን ገጹን የከፈተው ግን በ2020 ነው፤ ኤፓ ከሞተ ከአርባ ዓመት በኋላ። ሕመሙ ከዚያ ይቀድማል። ሰው መኪና ገዛ፤ ኢኬያም በ1965 ከከተማው ወጣ ብሎ ኩንገንስ ኩርቫ ላይ ግዙፍ መደብሩን ከፈተ። እንደ ኤች ኤንድ ኤም ያሉ፣ አንድ ዓይነት ሸቀጥ ብቻ ይዘው በየመንገዱ የሚከፍቱ ሰንሰለት ሱቆችም ልብሱን ከመደብሩ ነጠቁት። ከሁሉም በላይ ግን የተለወጠው የአሠራሩ ሥር ነው። የጥንቱ መደብር ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ በራሱ ሠራተኛ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ኤንኮ እንኳ በ1990ዎቹ ይህን ትቶ በአንድ ስም ሥር ለብዙ ነጋዴዎች ቦታ የሚያከራይ ቤት ሆነ። ነጋዴው አከራይ ሆነ ማለት ነው። የዛሬው ሞል ደግሞ ከመነሻውም አከራይ ነው። አከራይ ወለሉን በካሬ ሜትር ይቆጥራል፤ አግዳሚ ወንበር ደግሞ ኪራይ አይከፍልም። የጋሼ ጥያቄ መልስ ከፊሉ እዚህ ላይ ነው።

«ታዲያ ሀብታም የሚገዛበት ቤት ቢሞት እኛን ምን አገባን?» የሚል ወዳጅ አለኝ። እኔ ግን ሁለት ቀኖችን አስታውሰዋለሁ። መስከረም 10 ቀን 2003 የስዊድን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አና ሊንድ ያለ አንዳች ጠባቂ ልብስ ልትገዛ ኤንኮ ውስጥ ስትዘዋወር በጩቤ ተወጋች፤ በማግስቱ አረፈች። ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ደግሞ አንድ አሸባሪ በሰረቀው የጭነት መኪና ድሮትኒንግጋታን ላይ ሰው እየገጨ ሄዶ ከኦሌንስ መደብር ጋር ተላተመ፤ አምስት ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም ጊዜ የከተማው ሕዝብ አበባ ይዞ የሄደው ወደ መደብሩ ደጃፍ ነው። አስቡት፤ ሰው አበባ የሚያኖረው የእኔ ነው በሚለው ቦታ ነው። ለኢንተርኔት ሱቅ መጋዘን አበባ የሚያኖር የለም። ያ መደብር ሸቀጥ ይሽጥ እንጂ፣ ሚኒስትሯና እንደኔ ያለው አዲስ ስደተኛ በአንድ ደረጃ የሚወጡበት አደባባይም ነበር። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ክረምቴን ያለፍኩት ኪሴ ባዶ ሆኖ በእነዚህ መደብሮች ውስጥ እየዞርኩ፣ እየሞቅኩ ነው። የኤንኮን የገና መስኮት ከሕጻናቱ እኩል አፌን ከፍቼ አይቻለሁ። ለማየት ማንም አላስከፈለኝም።

ሞልን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለስደተኞች ቅርብ ነው። ቪክቶር ግሩን የቪየና አይሁዳዊ አርክቴክት ነበር፤ በ1938 ከናዚዎች አምልጦ አሜሪካ ገባ። መኪና ብቻ የሚመላለስበትን የአሜሪካ ከተማ ዳርቻ ባየ ጊዜ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርበት፣ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣበት የቪየና አደባባይ ናፈቀው። በ1956 ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኒሶታ ሳውዝዴል የተባለውን፣ ከላይ የተሸፈነና የሚሞቅ የገበያ ማዕከል ሠራ። በዙሪያው መኖሪያ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እንዲኖር አስቦ ነበር። ባለሀብቱ ግን ሱቁንና የመኪና ማቆሚያውን ብቻ ወሰደና የቀረውን ጣለው። ግሩን በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ቪየና ተመለሰ፤ በሕይወቱ ማብቂያም የሞል አባትነቱን በአደባባይ ካደ። ሞል የአንድ ስደተኛ ናፍቆት ነበር፤ ናፍቆቱን ነጋዴ ወሰደው።

ስዊድኖች የግሩንን ሕልም ከአሜሪካኖቹ በተሻለ ሞክረውት ነበር። ሕዳር 14 ቀን 1954 የተመረቀው ቬሊንግቢ ሥራን፣ መኖሪያንና ማዕከልን በአንድ ላይ የያዘ ከተማ እንዲሆን በስቨን ማርኬሊዩስ መሪነት ታቀደ። ባቡሩ ጣቢያው ላይ ያወርድሃል፤ ከዚያ አደባባዩ፣ ሱቁ፣ ሲኒማው፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ። በ1960 ፋሽታ ተከተለ። መስከረም 1968 ደግሞ ለ4,000 ያህል መኪና ማቆሚያ የነበረው የሼርሆልመን ማዕከል በልዑል ባርቲል ተመረቀ። ምርቃቱ በተደረገ በሁለተኛው ቀን ላርስ-ኡሎፍ ፍራንሴን ዳገንስ ኒሄተር ጋዜጣ ላይ «ሼርሆልመን ይፍረስ!» በሚል ርዕስ ጻፈ። ሰውን ሸማች ብቻ አድርጎ የሚያይ የኮንክሪት ክምር ነው የሚለው ክስ በአገሩ ሁሉ ተዳረሰ።

እኔ የፍራንሴንን ክስ ግማሹን እቀበላለሁ፤ ግማሹን አልቀበልም። ቦታው ለሸማች መሠራቱ እውነት ነው። ያልገመተው ግን ሌላ ሕዝብ እንደሚመጣ ነው። ከቱርክ፣ ከቺሌ፣ ከኢራን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጣው ሰው በሼርሆልመንም በሪንከቢም ሲሰፍር ገበያ ማለት መገዛዣ ብቻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። የሼርሆልመን አደባባይ የፍራፍሬና የአትክልት ሻጮች የሚጣሩበት፣ ዋጋ የሚከራከሩበት፣ ዘመድ የሚፈለግበት ቦታ ሆነ። በእኛ አገር ገበያ የሚወጣው ለመሸጥ ብቻ ነው እንዴ? ለቅሶ የሚሰማው፣ ሽማግሌ የሚላከው፣ ጎረምሳ ዓይኑን የሚጥለው ገበያ ላይ ነው። የስዊድን ሐያሲ ይፍረስ ያለውን ኮንክሪት ሕይወት የዘራበት ባለእጅ አርክቴክት ሳይሆን አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ስደተኛ ነው። ይህንን ሲጽፍልን ያየሁት የለም፤ ስለዚህ እኛው እንጻፈው።

ችግሩ ታዲያ የዚያ ሕይወት ባለቤት እኛ አለመሆናችን ነው። በ2007 የስቶክሆልም ከተማ በርካታ የሰፈር ማዕከሎቹን፣ ሪንከቢንና ቴንስታን ጨምሮ፣ ቡልትቢ ለተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ሸጠ። ምክር ቤት ተሰብስቦ የወሰነው ሽያጭ ነው፤ ሕገ ወጥ ነበር አልልም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው የሰፈሬ አደባባይ የሚለው ቦታ የአንድ ድርጅት ንብረት ሆነ። አደባባይ ላይ ዜጋ ነህ፤ በሰው ንብረት ላይ ግን እንግዳ ነህ። እንግዳ ደግሞ ውጣ ሊባል ይችላል።

ሌላ መንገድ የለም የሚለኝ ካለ ወደ ሺስታ ይሂድ። እዚያው ሞሉ ውስጥ በ2014 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶ በማግስቱ ዓመት የዓለም ምርጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ ተሸለመ። በሱቆች መካከል፣ ምንም ሳይገዙ መቀመጥ በይፋ የተፈቀደበት ቦታ ማለት ነው። ሲፈለግ ይቻላል።

አሁን ዱላውን ወደ ራሳችን ላዙር። ስዊድኖቹን ስንወቅስ አዲስ አበባን እንርሳ እንዴ? በእረፍት ስንሄድ ፎቅ ያለውን የመስታወት ሞል ፎቶ አንስተን «አገሬ አደገች» የምንል እኛው ነን። ጣሊያን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ያሻገረው መርካቶ፣ ምንአለሽ ተራና ሸማ ተራን ይዞ የኖረው፣ በካሬ ሜትር ሳይሆን በሰው ትውውቅ የተሠራ ገበያ በመሆኑ ነው። በ2024 የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ የጠፋው ያረጀ ግድግዳ ብቻ አልነበረም፤ ባለሱቁ በርጩማ አውጥቶ «ና ቁጭ በል» የሚልበት ደጃፍም ነው። ንጹሕና ሰፊ መንገድ እኔም እወዳለሁ። ግን እዚህ ስቶክሆልም ከሰባ ዓመት በላይ ተሞክሮ የታየውን ስህተት፣ እዚያ እንደ ሥልጣኔ መግዛት ያሳዝናል።

ደግሞም ሌላ ኃጢአት አለብን። በዚህ አገር ሕግ የአንድ ሰፈር ዝርዝር ፕላን ሲለወጥ ማዘጋጃ ቤቱ «ሳምሮድ» የሚባል የምክክር ጊዜ ማውጣት አለበት። ሐሳብ ያለው በጽሑፍ ያስገባል። ክፍያ የለውም፤ የዜግነት ወረቀትም አይጠይቅም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ምክክር ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው አበሻው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ በዚያው ሳምንት ስለ አገር ቤት ፖለቲካ በጠራነው ስብሰባ ላይ ግን መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ቆሞ ነበር። ስለ አራት ኪሎ ሃያ ገጽ የምንጽፍ ሰዎች፣ አባቶቻችን ስለሚቀመጡበት ወንበር አንድ ገጽ አልጻፍንም። የአገር ጉዳይ ይቅር አላልኩም። ሆኖም በቀይ ሽብር ዘመን ተሰደው እዚህ ያረጁት ሰዎች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ግድግዳ ሲያዩ መዋላቸውም የአገር ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ አንድን የገበያ ማዕከል ስንት ሱቅ አለው ብዬ አልመዝነውም፤ ምንም ለማይገዛው ሰው ምን ያህል ቦታ አለው ብዬ ነው። ታላላቆቹ መደብሮች ሞተዋል፤ አልመልሳቸውም። ሞሎቹም ነገ ተራቸው ይደርሳል። ወለሉ ባዶ ሲቀር ባለቤቶቹ አዲስ ፕላን ይዘው ወደ ማዘጋጃ ቤት መሄዳቸው አይቀርም። ያኔ ምክክሩ ላይ እንገኝ።

ጋሼና ጓደኞቻቸው ለጊዜው የባቡር ጣቢያው መግቢያ ላይ ይገናኛሉ። ነፋስ አለው፤ ወንበር የለውም። ባለፈው ቅዳሜ ሳገኛቸው የማስገባውን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ጥሩ ነው፤ ግን መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁን በልልን፤ ወገባችንን ያመናል» አሉኝ። ጨምሬዋለሁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በሰፈርህ ያለውን ጻፍ፤ አንቺም ጻፊ።

ቸር ይግጠመን።