ከቀዩ አለላ ጎን ምን ይቀመጥ?

ስፌት መስፋት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቀለምን ግን የተማርኩት ካበላሸሁት አንድ ስፌት ነው። ሰበዙን ስጠቀልል አንዱን ዙር በቀይ አለላ፣ ቀጣዩን በአረንጓዴ፣ ደግሞ በቀይ፣ ደግሞ በአረንጓዴ እያደረግሁ እስከ ጠርዙ ደረስኩ። ጭኔ ላይ እያለ ዓይን ይስብ ነበር። በሐረር ጀጎል ውስጥ ላሉት የሐረሪ እናት፣ ስፌት ላስተማሩኝ ጎረቤታችን፣ ላሳያቸው ወሰድኩት። ግድግዳው ላይ ሰቅለነው ነደባው ላይ፣ ከፍ ተደርጎ በተሠራው መቀመጫ ላይ፣ ተቀምጠን አየነው። ቀይም አረንጓዴም የለም። የደረቀ የቡና ገለባ መስሎ ቁጭ አለ። «ልጄ፣ ሁለቱንም እኮ አጠፋሻቸው» አሉኝ።

የሆነውን ለመረዳት የቀለም ክብን ማወቅ ይጠቅማል። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ በክቡ ዙሪያ በእኩል ርቀት ይቀመጣሉ። በቀይና በቢጫ መካከል ብርቱካናማ፣ በቢጫና በሰማያዊ መካከል አረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቀይ መካከል ሐምራዊ ይገባል። እንግዲህ ቀይ ከአረንጓዴ፣ ቢጫ ከሐምራዊ፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ ፊት ለፊት ይተያያሉ ማለት ነው። እነዚህ ጥንዶች ሁለት ጠባይ አላቸው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያደምቃል፤ ሲቀላቀሉ ግን ይጠፋፉና ቡናማ ወይም አመድማ ይሆናሉ። ስፌት ሁለቱንም ጠባይ በአንድ ገበታ ላይ ያመጣል። የአለላው ጥምጥም ሰፋ ብሎ ከታየ ቀለሞቹ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቀጭን ሆኖ ከሩቅ ሲታይ ዓይናችን ራሱ ይቀላቅላቸዋል። የእኔን ስፌት ያበላሸው ማቅለሚያው ሳይሆን የጥምጥሙ ቅጥነትና የተመልካቹ ርቀት ነበር።

ይህንን የቀለሞች የጉርብትና ጠባይ ከእኛ ርቆ፣ ፓሪስ ውስጥ፣ በክር ላይ የደረሰበት ሰው ነበር። ሚሼል ኡጄን ሼቭረል የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1824 የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው የሚል ቅሬታ ሲቀርብለት ጥቁሩን መረመረና ጉድለት አጣበት። ያደበዘዘው ከጎኑ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ክር ነበር። ስለ ቀለሞች ጉርብትና የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ታተመ። ታሪኩን ሳነብ የጎረቤታችን ቃል ትዝ አለኝ። እሳቸውም አንድ አለላ ሲያስጠላቸው አይጥሉትም፤ ከጎኑ ያለውን ይቀይራሉ።

ጌይ ጋር፣ የሐረሪ ቤት፣ ለዚህ ትምህርት የተሠራ ይመስለኛል። ግድግዳው ነጭ ነው፤ ነደባው ቀይ አፈር ይቀባል። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። ምንጣፍና ትራስ ያልሸፈነውን የነደባ ፊት ለ30 ሰከንድ ያህል ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ተመልከቱና ወደ ነጩ ግድግዳ ዙሩ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ጥላ ይታያችኋል። ቀይን የሚቀበሉት የዓይን ሕዋሳት ስለደከሙ ከነጩ ብርሃን ውስጥ የቀረው ወገን ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ቀይ ነደባ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግድግዳው ላይ ያለው አረንጓዴ አለላ ከወትሮው የበለጠ አረንጓዴ ነው። ዓይኑ ቀድሞ አረንጓዴውን እየፈለገ ነበርና።

ቀጥሎ የሚመጣው የልክ ጉዳይ ነው። ደማቅ ቀይና ደማቅ አረንጓዴ በብርሃናቸው ስለሚቀራረቡ ጠርዛቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይን ማረፊያ ያጣል። እኔ በመካከላቸው አንድ ዙር ያልተነከረ አክርማ አስገባለሁ። ያ የገለባ መልክ ያለው ቀጭን መስመር ሁለቱን ሳይለያይ ያሳርፋቸዋል። ቢጫና ሐምራዊ ግን አንዱ ብርሃን፣ ሌላው ጨለማ ስለሆኑ ጠርዛቸው ችግር የለበትም፤ ችግሩ መጠናቸው ላይ ነው። የስዊስ ተወላጁ የሥዕል መምህር ዮሐንስ ኢተን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ለአንድ እጅ ቢጫ ሦስት እጅ ሐምራዊ ይመክራል። በወስፌ ስሞክረው እውነት ሆኖ አገኘሁት። ሦስት ዙር ሐምራዊ አድርጌ አንድ ዙር ቢጫ ሳስገባ ስፌቱ ሚዛኑን ይይዛል፤ እኩል ሳደርጋቸው ሐምራዊው ይዋጣል።

የመጠፋፋቱም ጠባይ ቢሆን በልክ ከተያዘ ይጠቅማል። ከገበያ የምገዛው ቀይ ዱቄት አንዳንዴ ከመጠን በላይ ይጮሃል። አክርማው ከመነከሩ በፊት የፈላው ቀይ ውሃ ላይ በጥፍር ጫፍ የሚያዝ አረንጓዴ ዱቄት ጣል አደርጋለሁ። ቀዩ ረጋ ይላል፤ ወደ ነደባው አፈር ይጠጋል። ትንሽ ካበዛሁት ግን ያው የቡና ገለባ ይሆናል።

ዛሬ ስፌት ልትማር የምትመጣ ልጅ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ የትኛው ቀለም እንደሚያምር ነው። መልስ ሳልሰጥ ሁለት እስር አለላ አውጥቼ ነደባው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጥና እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ እንድትሄድ አደርጋለሁ። ከዚያ ሆና ሁለቱም እየታዩ እንደሆነ ትነግረኛለች። አንዱ ከጠፋባት ቀለሙን አትቀይርም፤ ተመልሳ መጥታ በመካከላቸው ያልተነከረ አክርማ ታስገባለች። ያ የተበላሸው ስፌቴ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ቀረብ ብላ ቀዩንና አረንጓዴውን በጣቷ ትቆጥራለች፤ ራቅ ስትል ታጣቸዋለች። ከዚያ በኋላ ወስፌውን እሰጣታለሁ።