ቤት ለእንቦሳ፦ የራሱ ደጅ ስለሌለው ጽሑፋችን

ናይሮቢ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ከዓመታት የጋራ ክፍል ኑሮ በኋላ የራሱን ቤት ሲይዝ ወዳጅ ዘመድ ይጠራል። ቄጤማ ባይገኝ ሌላ ለምለም ሣር ይጎዘጎዛል፤ ቡና ይፈላል፤ ዳቦ ይቆረሳል። እንግዳው ከደጃፉ እንደደረሰ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይቀበለዋል። በኢስሊ አምስተኛ ፎቅ ላይ ጥጃ የሚያስር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ምርቃቱ ግን አልቀረም። የሚወለደውም የሚረባውም ባለቤቱ በሚታወቅ ግቢ ውስጥ ሲሆን ይባረካል የሚለው እምነት ከቋንቋው ጋር አብሮን ተሰዷል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንዲህ ያለ ግብዣ ላይ አንድ የስደት ጸሐፊ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ስሙን አልጠቅስም። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ታላቅ የማኅበራዊ መገናኛ መድረክ ላይ በአማርኛ ሲጽፍ ኖሯል፤ ስለ ስደተኞች የቃለ መጠይቅ ወረፋ፣ ሌሊት እንጀራ ጋግረው ማለዳ ለየምግብ ቤቱ ስለሚያደርሱ ሴቶች፣ ከሞያሌ በጭነት መኪና ተደብቆ ስለመጣ ልጅ። አንድ ቀን ጠዋት ገጹን ሊከፍት ሲሞክር ተዘግቶ አገኘው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሁለት መስመር ማስታወቂያ ደንብ መተላለፉን ይነግረዋል፤ የትኛውን ደንብ በየትኛው ጽሑፍ እንደተላለፈ ግን አይነግረውም። አቤቱታ አስገባ፤ መልስ አልመጣም። ቅጂም አላስቀመጠም ነበር። «ለእኔ ጽሑፍ ‹ቤት ለእንቦሳ› ያለው ሰው አልነበረም፤ ለካ ቤት አልነበረውም» አለኝ፤ እየሳቀ።

የዚህ ሂስ ጉዳይ የኮምፒዩተር ዕውቀት ይመስል ይሆናል፤ በእኔ እምነት ግን የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በአማርኛ ከተጻፈው ወግ፣ ትችት፣ ግጥምና ማስታወሻ ብዙው የወጣው በኢንተርኔት ላይ ነው። ከዚያም ውስጥ ብዙው ደራሲው ሊቆልፈውም ሆነ ለልጆቹ ሊያወርሰው በማይችል የሰው ቤት ውስጥ ተከማችቷል። ክርክሬ አጭር ነው። ቋሚ አድራሻ የሌለው ጽሑፍ ታሪክ አይኖረውም፤ ታሪክ የሌለው ጽሑፍ ደግሞ ሐያሲ አያገኝም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*ፊደል ማደሪያ ያገኘበት ዘመን*

የዛሬ ወጣት አያስታውሰው ይሆናል እንጂ አማርኛ በድረ ገጽ ላይ ለመታየት ብቻ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ1990ዎቹ የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እርስ በርስ አይግባቡም ነበር፤ በፓወር ግእዝ የተጻፈው በቪዥዋል ግእዝ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ስለዚህ የድረ ገጽ ባለቤት አንድም አንባቢው ልዩ የፊደል ቅርጽ አውርዶ እንዲጭን ይማጠናል፤ አንድም ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጎ ይለጥፋል። ይህ መከራ መቅለል የጀመረው ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ሆሄ ቋሚ ቁጥር ሲያገኝ ነው። አማርኛን ከኮምፒዩተር ጋር ለማስማማት ከደከሙት መካከል ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ስማቸው በክብር የሚነሣ ነው። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የግእዝ ፊደል ቅርጽ ከራሱ ጋር ይዞ ሲመጣ ደግሞ ተራው ተጠቃሚ ምንም ሳይጭን አማርኛ ማንበብ ቻለ።

ፊደሉ ማደሪያ ሲያገኝ ጦማር መጣ። ጦማሩም ወዲያው ዋጋ ተከፈለበት። በ2006 በብሎግስፖት አድራሻ የሚገኙ ጦማሮች ከኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይታዩ ተደረጉ። በ2012 የተሰባሰቡት የዞን ዘጠኝ ወጣቶች ስማቸውን የወሰዱት ከቃሊቲ ወኅኒ ቤት ነው፤ ስምንት ዞን ካለው ወኅኒ ውጭ ያለው ሰፊው አገር ዘጠነኛው ዞን ነው ለማለት። መፈክራቸውም «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር። በሚያዝያ 2014 ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በ2015 የከፊሎቹ ክስ ተቋርጦ፣ የቀሩትም ከሽብር ክስ ነጻ ተብለው ወጡ። በዚያው በ2014 ብዙ የአዲስ አበባ መጽሔት ጋዜጠኞች ተሰደዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ናይሮቢ የገቡት ጥቂት አልነበሩም። የእኛ ከተማ የአማርኛ ጽሑፍ ታሪክ ከዚህ ስደት ተነጥሎ አይጻፍም።

እንደ ሐያሲ ሳየው የጦማሩ ዘመን ትልቁ ቱሩፋት ድፍረቱ ብቻ አልነበረም፤ ቅርጹም ነበር። ጦማር ርእስ አለው፤ ቀን አለው፤ አንቀጽ አለው። የአምናው ጽሑፍ ከዘንድሮው አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንባቢ ጸሐፊው የት ላይ ሐሳቡን እንደለወጠ፣ የት ላይ ራሱን እንደደገመ ማየት ይችላል። ወደ መድረኮቹ ስንሰደድ ይህ ሁሉ ቀረ። ወጉ «ተጨማሪ ይመልከቱ» የሚለው ቁልፍ ከመድረሱ በፊት ቁም ነገሩን ለመጨረስ ይጣደፋል፤ ስለዚህም በጩኸት ይጀምራል። ርእስ አያስፈልገውም፤ ነገ የሚፈልገው የለምና። ያለፈው ዓመት ጽሑፍ በሠርግ ፎቶግራፍና በሙት ዓመት ማስታወቂያ ሥር ተቀብሯል። ጸሐፊዎቻችን ሰነፉ ከማለታችን በፊት የሚጽፉበትን ወረቀት እንመርምር። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ የሰው አደባባይም እንዲሁ፣ ለጊዜው ቢያስጨበጭብም አያደምቅም።

*ጎረቤቶቻችን የሠሩት*

ይህን ስል የሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገኝም። በ2000ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ኬንያ ውስጥ ዳውዲ ዌሬ የተባለው ጦማሪ የኬንያ ጦማርያንን በአንድ «የድር ቀለበት» አስተሳስሯቸው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጸሐፊ በየራሱ ገጽ ይጽፋል፤ በገጹ ላይ ግን ወደ ቀጣዩ አባል የሚያሻግር መንገድ ያኖራል። አንባቢ ከአንዱ ደጅ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

የዚህ ልማድ ፍሬ የታየው ከታኅሣሥ 2007ቱ ምርጫ በኋላ በፈነዳው ሁከት ነው። ኦሪ ኦኮሎ «ኬንያን ፓንዲት» በተሰኘው የግል ጦማሯ ግጭቱ የተፈጸመባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ የሚያሳይ ሥራ እንዲሠራ ጥሪ አቀረበች። ኤሪክ ኸርስማን፣ ጁሊያና ሮቲችና ዴቪድ ኮቢያ አብረዋት ቆሙ፤ በጥር 2008ም «ኡሻሂዲ»፣ በስዋሂሊ «ምስክርነት»፣ ተወለደ። እነዚህ ሰዎች ቀድሞውኑ በየራሳቸው ገጽ የሚጽፉ ወይም የራሳቸውን ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ ነበሩ፤ የተዋወቁትም በጽሑፍ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የኮቢያ ሌላ ሥራ ነው። ማሻዳ የተባለ የኬንያውያን መወያያ መድረክ ባለቤት ነበር። የጎሳ ስድብ መድረኩን ባጥለቀለቀው ጊዜ በዚያው ጥር ወር ዘጋው፤ በምትኩም «ጎሳ የለኝም» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ገጽ ከፈተ። ትክክል አደረገ አላደረገም ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ስድቡ የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቅ፣ ስድቡ የሚያርፍባቸውን ሰዎች የሚያውቅ፣ በሩ ላይ ስሙ የተጻፈ ሰው ነበረ።

ይህን ከእኛ ሐዘን ጋር እናስተያየው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በኅዳር 2021 በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። በታኅሣሥ 2022 ልጃቸው አብርሃም መዓረግ፣ ከፍስሐ ተክሌና ከካቲባ ኢንስቲትዩት ጋር፣ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ከግድያው በፊት ፕሮፌሰሩን ዒላማ ያደረጉ ጽሑፎች ወጥተው፣ ልጃቸው ቢያመለክትም በጊዜው አልተነሡም። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም ሲል ተከራክሯል፤ በሚያዝያ 2025 ግን ፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ ለፌስቡክ የአማርኛ ጽሑፎችን ይመረምሩ ከነበሩት ሠራተኞች ከፊሎቹ እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ ሳማ ለተባለ ተቋራጭ ይሠሩ እንደነበር ስናስታውስ፣ ነገሩ ምን ያህል ቅርባችን እንደሆነ ይገባናል። የአማርኛ አደባባይ ጠባቂዎች ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ የአደባባዩ ባለቤት ግን ባሕር ማዶ ነው።

ወዳጄ ጽሑፉን ያጣውና አንድ ልጅ የአባቱን ክስ ይዞ ፍርድ ቤት የቆመው በሚዛን የሚነጻጸሩ አይደሉም። ሁለቱም የሚያስነሡት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ አማርኛ በሚነገርበት አዳራሽ ውስጥ ኃላፊው ማን ነው?

*ጽዋው ከቤት ወደ ቤት*

በሰኔ 2011 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ጥቂት የድረ ገጽ ባለሙያዎች ተሰብስበው ዛሬ «ኢንዲዌብ» ተብሎ የሚጠራውን የነጻ ድር ማኅበረሰብ መሥርተዋል። መመሪያቸው በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ይላል፤ መጀመሪያ በራስህ ቤት አትም፤ ከዚያ ቅጂውን ወደ ሌላው አድርስ። በ2017 የጸደቀ አንድ የቴክኒክ ደንብም አንዱ ገጽ ስለሌላው ሲጽፍ በቀጥታ መልእክት እንዲልክለት ያስችላል፤ በመካከል አማላጅ አያስፈልግም።

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። የጽዋ ማኅበር የሚሠራው እንዲሁ ነውና። ማኅበርተኞች የጋራ አዳራሽ አይከራዩም፤ ጽዋው በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል። ባለተራው ቤቱን ይጠርጋል፤ ጠላውን ይጠምቃል፤ እንግዶቹን ያስተናግዳል። ማኅበሩ አንድ የሚሆነው እያንዳንዱ የሚያስተናግድበት ደጅ ስላለው ነው።

ሆኖም ማኅበረሰቡን ሳልተች ማለፍ አልችልም። ኢንዲዌብ የባለሙያ ማኅበር ሆኖ ተወልዶ ብዙውን ጊዜ የባለሙያ ማኅበር ሆኖ ቀርቷል። መመሪያዎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ ለፕሮግራም ጸሐፊ ነው። አንድ ሰው አንድ አድራሻ የሚለው እሳቤም በግለኝነት የተቃኘ ነው። ከናይሮቢ ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውስትራሊያ የሚሻገር ስደተኛ ዓመታዊ ክፍያውን በጉዞ መካከል ቢረሳ ገጹ ይጠፋል፤ ቢሞትም እንዲሁ። እዚህ ላይ ከፖርትላንድ ይልቅ ከዕድራችን የምንማረው ይበልጣል። ዐሥር ጸሐፊዎች በጋራ ከፍለው፣ ቁልፉን ሁለት ሦስት ሰው ይዞት፣ እያንዳንዱ በውስጡ የራሱ ክፍል ያለው ገጽ ቢያቆሙ የአንዱ መራቅ የሁሉን ቤት አያፈርስም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሡብኛል። አንደኛው «አንባቢው ያለው መድረኮቹ ላይ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። ገበያ ይወጣል እንጂ ገበያ ላይ አይታደርም፤ ጽሑፉ ቤት ካለው ቅጂውን ወደ ገበያው መላክ ይቻላል። ገበያውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ከየካቲት 2023 ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ልዩ ዘዴ የማይከፈቱ ሆነው ነበር። ጂኦሲቲስ የተባለው የነጻ ገጾች መንደር በጥቅምት 2009 ሲዘጋ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የግል ገጾች ከነባለቤቶቻቸው ትዝታ ፈርሰዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የራስ ቤትም ይታገዳል» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ በ2018 በኢትዮጵያ ከ200 በላይ ድረ ገጾች እገዳቸው ሲነሣ ስንቱ ተዘግቶ እንደኖረ አይተናል። ይሁን እንጂ የታገደ ቤት ውስጡ ያለው ዕቃ የባለቤቱ ነው። እገዳው ሲነሣ ጽሑፉ እዚያው ይጠብቃል። የተከራየ ቤት በተዘጋ ጊዜ ግን ዕቃውም አብሮ ይቀራል።

ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። በኬንያ የአድራሻ ሥርዓት ውስጥ «ነጥብ ሚ ነጥብ ኬ» የሚለው መጨረሻ ለግለሰቦች የተመደበ ነው፤ የአድራሻው ዓመታዊ ክፍያ ለሁለት ሰው በያይነቱ ከማዘዝ ብዙ አይርቅም። የማስቀመጫ ቦታ ኪራይ ሲጨመር ይከብዳል፤ ለዐሥር ሲካፈል ግን ይቀላል። የሚከብደው ሌላው ነው። በራስ ገጽ ላይ ጭብጨባ የለም። ጸሐፊው ለረጅም ጊዜ ጸጥታ ውስጥ ይጽፋል፤ ይህን የሚችል ብዙ አይደለም።

ወዳጄ ከዚያ ግብዣ በኋላ የራሱን አድራሻ ገዝቶ የጠፉበትን ጽሑፎች ከትውስታ እንደገና መጻፍ ጀመረ። እስካሁን ሦስቱን አንብቤያለሁ። የወረፋው ታሪክ ከቀድሞው ያነሰ ነው፤ ትውስታው የተወውን ክፍተት በስብከት ሞልቶታል። ከሞያሌ ስለመጣው ልጅ የጻፈውም ገና አልበሰለም። እንጀራ ጋጋሪዎቹ ግን ከፊተኛው የበለጡ ሆነው ተመልሰዋል፤ ከማለዳው አራት ሰዓት ተኩል በፊት ሁለት ቤት ያደረሰችው ሴት አሁን ስም አላት፤ ምጣዷን ከማን እንደተበደረች እናውቃለን፤ ድህነቷም አይሰበክም፣ ይታያል። ይህን ማለት የቻልኩት ጽሑፎቹ ቀን ተጽፎባቸው፣ ርእስ ይዘው፣ ነገም ተመልሼ ላገኛቸው በምችልበት ቦታ ስለተቀመጡ ነው። አለዚያ ይህ ሂስ ራሱ የሚያርፍበት አይኖረውም ነበር።

ለእርሱ ያላልኩትን አሁን ልበል፦ ቤት ለእንቦሳ!