በአንዱ ክላስተር ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም በሌላው ስለ መሥራቱ

መኢሶ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው ነገሩን ለማስተዋል አይቸገርም። የአሮጌው የጂቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋት 1000 ሚሊሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የአዲሱ ግን 1435 ነው፤ የአንዱ ፉርጎ በሌላው አይሄድም። የኮምፒዩተር ክላስተሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ሐዲዳቸው ስለማይታይ ግን ብዙዎቻችን እንሳሳታለን።

ለመመረቂያ ጥናቴ የጭሮን (የቀድሞዋን አሰበ ተፈሪን)፣ የገለምሶንና የመኢሶን የዕለት ዝናም ቺርፕስ ከተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 ከሚጀምረው መዝገብ ወስጄ የማሽላ መዝሪያ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፍሁ። ኮምፓይል ያደረግሁት «ማርች ኔቲቭ» በሚባለው ትእዛዝ ነበር፤ ይኸውም ኮምፓይለሩ የዚያው ማሽን ፕሮሰሰር የሚያውቀውን ሁሉ እንዲጠቀም ማዘዝ ነው። ፕሮሰሰሩ አሮጌ ወደ ሆነ ሌላ ክላስተር ባዛውረው «ሕገ ወጥ ትእዛዝ» ብሎ ወዲያው ቆመ።

የተሰጠኝ ምክር «በኮንቴይነር ጠቅልለው» የሚል ነበር። ይህን ምክር በበኩሌ እነቅፋለሁ። ሲንጉላሪቲ (ከ2021 ወዲህ አፕቴይነር የተባለው) ላይብረሪዎቹን አብሮ ስለሚይዝ የጂሊብሲ እትም አለመስማማትን በእርግጥ ያቃልላል፤ ይህን ማመስገን ይገባል። ፕሮሰሰሩና ከርነሉ ግን የባለቤቱ ማሽን ናቸው። ያንኑ ፋይል ጠቅልዬ ብወስደው በዚያው ቃል ሞተ።

የሚያስፈራው ግን ሞቱ አይደለም። በሁለተኛው ክላስተር ላይ በዚያው ትእዛዝ እንደ ገና ኮምፓይል ባደርገው ያለ ቅሬታ ሠራ፤ የመኢሶ መዝሪያ ቀን ግን ተለወጠ! ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ሌሊት አጠፋሁ። አዲሱ ፕሮሰሰር ማባዛትንና መደመርን በአንድ ጊዜ አድርጎ ውጤቱን አንዴ ብቻ ያጠጋጋል፤ አሮጌው ይህ ስለሌለው ሁለት ጊዜ ያጠጋጋል። ከ1 ሚሊሜትር ወሰን አጠገብ የነበረች አንዲት ዕለት ከዝናማም ወደ ደረቅ አለፈች፤ ተከታታዩ ደረቅ ቀን ከ9 ወደ 10 ወጣ፤ በደንቤ መሠረት የዝናሙ መግቢያ ተሰረዘ። በቆላ ለሚዘራ ገበሬ ይህ የዘር ጉዳይ ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2020 ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች በጋራ ከተወሰኑት ደረጃዎች ሁለተኛውን (ጂሲሲ ከ11ኛው እትም ጀምሮ ያውቀዋል) መርጬ፣ ማባዛትና መደመሩ እንዳይዋሐድም አዝዤ፣ አንዱን ፋይል በሁለቱም አስኬድሁ። ሥራው ዘገየ፤ ቀኑ ግን ገጠመ።

በየጥናቶቻችን «በኮምፒዩተር ተሰልቶ» ብለን እናልፋለን፤ ኮምፓይለሩን፣ እትሙንና የተሰጠውን ትእዛዝ የሚጽፍ ጥቂት ነው። መምህራኖቻችንም አይጠይቁንም። የጭሮና የገለምሶ ስሌት ገና እንደ ገና መሠራት አለበት።