የወጌሻው ጣቶች

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገበሬ ቤት፣ የበቆሎ ጆንያ ከቆጥ ሲወርድ አንዲት የድመት ግልገል አብራ ወደቀች። እትብቷ እንኳ አልረገፈም። ላነሳት ጎንበስ ስል፣ ለቡና የተጠሩት ሽማግሌ ወጌሻ «ቆይ ልጄ፤ መጀመሪያ እንያት» ብለው እጄን ያዙኝ።

በጀርባዋ ነበር የወደቀችው። ተፈራገጠች፣ ተገለበጠች፣ በሆዷ ተኛች። «ወገቧ ደኅና ይመስላል» አሉ በለሆሳስ። አፍንጫዋ ላይ ደም እንደሌለ፣ ሁለቱም ጎኖቿ እኩል እንደሚነሡ አዩ። ከዓይኗ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ የድመት ልጅ ዓይን የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ሲሞላት ነው።

ጠዋት የቡሬ በርበሬ ሲመርጡ ስለነበር እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ከዚያም ምድጃው ላይ አሞቁት። ልቤን የነካው ይኼ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግልገል ሙቀቷን በራሷ መጠበቅ አትችልም፤ ቀዝቃዛ እጅ ሌላ ጉዳት ይሆንባታል። መላ ክብደቷ 100 ግራም ገደማ፣ የሁለት እንቁላል ያህል ነው። የወለቀ ትከሻ ጎትተው የሚመልሱ እነዚያ ሻካራ ጣቶች ሲያርፉባት ጸጉሯ እንኳ አልተኛም።

ከአናቷ ተነሥተው በመንጋጋዋ፣ በአንገቷ፣ በጎድኗ ወረዱ። ቀኙን ዳስሰው ወዲያው ግራውን ይዳስሳሉ፤ የታመመውን የሚያጋልጠው ጤነኛው ወገን ነውና። የጨቅላ አጥንት እንደ ለጋ ልምጭ ስለሚታጠፍ ስብራቱ ይደበቃል። የኋላ ግራ እግሯ ላይ ሲደርሱ ጮኸች። አልደገሙትም። ወደ ጅራቷ አልፈው፣ ስትረጋጋ ተመለሱና ጣቷን በጥፍራቸው ጫፍ ቆንጠጥ አደረጓት። እግሯን ሰበሰበች። ደስ አላቸው።

ከንፈሯን ገልጠው ድዷን አዩ፤ ሮዝ ነው። ቢነጣ ኖሮ ከተማ ወዳለው የእንስሳት ሐኪም መሮጥ ነበረብን። ትንሿን ጣታቸውን አፏ ውስጥ አስገቡ፤ ጠባች። በመጨረሻም እናቷ እንደምትልሳት፣ በለብ ያለ ውኃ በራሰ ባዘቶ ከሆዷ በታች አሹላት፤ ያለዚያ መሽናት አትችልም። የወጣው ጠብታ ደም የለውም።

በጨርቅ አድርገው ቆጡ ሥር አኖሯት። እናቲቱ መጥታ ላሰቻት፣ አጠባቻት። የውስጥ ደም መፍሰስ ግን ዘግይቶ ነው የሚታወቀው፤ ወጌሻው ከአቦል እስከ በረካ ዓይናቸውን ከጨርቁ አላነሡም።