ቡጋቲ ሮያል፦ ቦታውን ዘግይቶ ያገኘው ሞተር

ጨርቅ ገዝታችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የአውሮፓ ባለጠጎች መኪና የሚያሠሩት እንደዚያ ነበር። ሻንሲውንና ሞተሩን ከፋብሪካ ይገዛሉ፤ ቦዲውን ደግሞ በምርጫቸው ያሠራሉ። ከእነዚህ መኪኖች ስማቸው ከገነነው አንዱ ኤቶሬ ቡጋቲ ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው ታይፕ 41፣ በሌላ ስሙ «ሮያል» ነው።

እስቲ አርማን ኤስደርስ የተባለ የልብስ አምራች እ.ኤ.አ. በ1932 የገዛውን እንይ። ሰውዬው ማታ አልነዳውም ብሎ የፊት መብራት አላስገጠመለትም። ቦዲውን የነደፈው የኤቶሬ ልጅ ዣን ነው። መብራት ስለሌለው የፓራፋንጎው መስመር ሳይቆራረጥ ከፊት ወደ ኋላ ይወርዳል። ውበቱ ላይ ክርክር የለኝም፤ በጣም ያምራል።

ኮፋኖው ሲከፈት ግን ጥያቄ ይመጣል። ሞተሩ 12.7 ሊትር ነው። ስምንት ባለ 1.5 ሊትር ሞተሮች ቢደመሩ እንኳ አይደርሱበትም። መኪናው ከሦስት ቶን በላይ ይመዝናል። ቴስታታውና ሞኖብሎኩ ደግሞ አንድ ወጥ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይሄ ጥቅም አለው፤ በመሀላቸው መጋጠሚያ ስለሌለ እዚያ ጋ የሚያፈስ ነገር አይኖርም። ችግሩ ቫልቮቹን አውጥቶ ለመሞረድ ከታች ያለው ኮሎ ሳይቀር መፈታቱ ነው። ቫልቭ መሞረድ ደግሞ በዚያ ዘመን የተለመደ ጥገና ነበር። ታዲያ መካኒኩን ማን አሰበው?

ቡጋቲ 25 መኪና ሊሠራ አቅዶ ነበር። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና ለደንበኛ የተሸጡት ሦስት ብቻ ሆኑ።

ሞተሩ ግን በዚያው አልቀረም። ከ1933 ጀምሮ ቡጋቲ ሁለት ወይም አራት እያደረገ በተሳፋሪ ባቡሮች ላይ ገጠመው። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ ላስቲክ ጎማ መንገድ ላይ ከሚገጥመው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ስለዚህ ክብደቱ ያን ያህል አያስቸግርም። ረጋ ብሎ የሚዞር ትልቅ ሞተርም ረጅም መንገድ ሳይጨናነቅ ይሠራል። ባቡሮቹ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ሰው አመላልሰዋል።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ሮያል ላይ የተሳሳተው ስሌቱ ሳይሆን «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለአንድ ሰው የበዛው ጉልበት ለብዙ ሰው ልክ ሆኖ ተገኘ።

ፈረንሳይ ውስጥ ሙሉዝ የምትባል ከተማ አለች። በመኪና ሙዚየሟ ሮያልን፣ በባቡር ሙዚየሟ ደግሞ የቡጋቲን ባቡር ታገኛላችሁ። ሰው ለፎቶ የሚሻማው መኪናው ጋ ነው። እናንተ ግን ዕድሉ ከገጠማችሁ ከባቡሩ ጀምሩ።