ዘንጉን ከጫፉ መመርመር

ለፍላይ ፊሺንግ (ዓሣን በሰው ሠራሽ ዝንብ ለማጥመድ) የተሠራ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲቀርብልኝ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ጫፉ ላይ ነው። የቡሽ እጀታው ሊያምር፣ ቫርኒሹ ሊያብረቀርቅ ይችላል፤ የሠሪው ጥንቃቄ ግን የሚታወቀው ክሩ በመጨረሻ ከሚወጣባት ከዚያች ትንሽ ቀለበት ነው። ቀለበቷ ከሥሯ ቱቦ አላት፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ የምትሰካው በእሱ ነው። ስለዚህ መጠኗ ሁለት ነው፦ የቱቦው ውስጥ ስፋትና የቀለበቷ ስፋት።

ቱቦው አሜሪካ ውስጥ የሚለካው በኢንች 64ኛ ነው። 5 ቁጥር ማለት 5/64 ኢንች፣ ወደ 1.98 ሚሊ ሜትር ነው፤ 4.5 ቁጥር ደግሞ ወደ 1.79። ልዩነቱ 0.2 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ሥራውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ግን እሱ ነው። የዘንጉ ጫፍ 1.9 ቢሆን 4.5ቱ አይገባም፣ 5ቱ ትንሽ ይላላል። ትክክለኛው 5ቱ ነው፤ ክፍተቱን ማጣበቂያው ይሞላዋል። ችኩል ሠሪ ግን ጠባቡን ለማስገባት ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ይህን በፍጹም አልቀበልም። የካርቦን ፋይበር ዘንግ ጫፉ ላይ እጅግ ስስ ነው፤ ጉልበቱ ያለው በቁመቱ በተዘረጉት ቃጫዎች ላይ ነው። እነሱ ከተፋቁ ዘንጉ አንድ ቀን ልክ ቱቦው ከሚያልቅበት ላይ ይሰበራል። ያንን ቦታ በአጉሊ መነጽር ይዩት፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ጭረት የዞረበት ከሆነ ተፈግፍጓል።

ጫፉ ተሰብሮ ከነበረ የድሮው ቁጥር አይሠራም። ዘንግ ወደ እጀታው በሄደ ቁጥር ስለሚወፍር ከአዲሱ ጫፍ ላይ እንደገና መለካት አለበት። የቱቦውን ቁጥር ለማረጋገጥ የትራፓኖ ፑንታ ይበቃል፤ እዚህ አሜሪካ ፑንታ በኢንች 64ኛ ስለሚሸጥ የ5/64ቱን ለስላሳ ጀርባ ቱቦው ውስጥ ማስገባት ነው።

እዚህ ሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስና ሴይንት ፖል የዘንግ ነገር እንግዳቸው አይደለም፤ ዛሬ ፓርክ ፎልስ፣ ዊስኮንሲን የሚገኘው ዘንግ ሠሪው ሴይንት ክሮይ የተመሠረተው በ1948 እ.ኤ.አ. ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነው። የአጥማጁም ፍላጎት ብዙ ዓይነት ነው። በከተሞቹ መሐል በሚያልፈው ሚሲሲፒ ስሞልማውዝ ባስ፣ ወደ ደቡብ በቨርሚሊየን ወንዝ ትራውት፣ በሐይቆቹ ላይ ደግሞ ግዙፉ መስኪ ይጠመዳል። ባለ 5 ቁጥር የፍላይ ክር (ይህ የክሩ ክብደት ደረጃ እንጂ የቱቦው ቁጥር አይደለም) ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሊደሩ (ከጫፉ ከሚታሰረው ቀጭን ክር) ጋር የሚገናኝበት ማያያዣ ግን ከዚያ ይወፍራል፤ ዓሣው ሲቀርብ በቀለበቷ ሳይያዝ ማለፍ ያለበት እሱ ነው። ለመስኪ ሰፊ ቀለበት ግድ ነው። ብርዱም አለ፦ በደቡብ ምሥራቅ ሚኒሶታ ትራውት በክረምትም ስለሚጠመድ ክሩ ይዞት የመጣው ውሃ ቀለበቷ ላይ በረዶ ይሠራል፤ ጠባቧ ቶሎ ትደፈናለች። ስለዚህ እዚህ ለሚያጠምድ ሰው አንድ ደረጃ ሰፋ ያለችውን እመርጣለሁ። ለቀጭኑ ባለ 3 ቁጥር ዘንግ ግን አላደርገውም፤ ጫፍ ላይ የሚጨመር ክብደት ዘንጉን ያደነዝዘዋል።

ማጣበቂያው በሙቀት የሚቀልጥ ዓይነት መሆኑን ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ። እንዲህ ያለው በላይተር ለስለስ ባለ ሙቀት ይለቃል፤ ቀለበቷ ስታረጅ ዘንጉ ሳይነካ ትቀየራለች። ኢፖክሲ ግን እስኪለቅ ድረስ ሲሞቅ የዘንጉን ሬዚን ሊጎዳ ይችላል። ከኬንያ የመጡ ትራውቶች ወደሚኖሩባቸው ወደ ባሌ ወንዞች፣ ወደ ዌብና ዳንካ፣ ዘንጉን ይዞ የሚሄድ ወገን አንድ ትርፍ ቀለበትና የማጣበቂያ ቁራጭ ከሻንጣው አይለየው።

ከዚያ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ከእጀታው ወደ ጫፉ ይመልከቱ፤ የጫፏ ቀለበት ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር መቆም አለባት። ጥጥ አሹልከው ውስጧን ይጥረጉ፤ ጥጡ ከተያዘ ብረቱ ተቦርቡሯል። በመጨረሻም የራስዎን ክር ከነማያያዣው በቀለበቷ አስገብተው ወደፊትም ወደኋላም ይሳቡት። አንዴ እንኳ ከተያዘ ዘንጉን ለሠሪው ይመልሱለት፤ ቀለበቷን ቀይሮ ያምጣ።