ተራ የሚሸጥበት ጨዋታ

ውድ አንባቢ፣ በዚህ ወር የማነሳው ጉዳይ ከመድረሳ ሰው የሚጠበቅ አይመስልም። በአሜሪካ ስላሉት ታላላቅ የመዝናኛ ፓርኮች፣ በተለይም ስለ ዲዝኒ ፓርኮች ነው። «ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። በሚኒሶታ፣ በዋሽንግተንና በዳላስ የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከልጆቻቸው አፍ የሚሰሙት ጥያቄ «ዲዝኒ የምንሄደው መቼ ነው?» የሚል ነው። ልጆቹ የክፍል ጓደኞቻቸው ሄደው ሲያወሩ ይሰማሉ። አባት ደግሞ የኪሱን ያውቃል።

የዋጋውን ነገር ከሥሩ እንየው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን ፓርክ በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም በተባለች ከተማ የከፈተው ጁላይ 17 ቀን 1955 ነበር። መግቢያው ለአዋቂ 1 ዶላር፣ ለልጅ 50 ሳንቲም ሲሆን በየመጫወቻው ላይ ለመሳፈር ለብቻው ይከፈል ነበር። በፍሎሪዳ ያለውና እጅግ ሰፊ የሆነው ሁለተኛው ፓርክ በ1971 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ዶላር ከዚያ ወዲህ የመግዛት አቅሙ መውረዱን አስበን ብናሰላው፣ ያ 3 ዶላር ከ50 ዛሬ 28 ዶላር ገደማ ቢሆን ነው። ታዲያ የካሊፎርኒያው ፓርክ በጣም በሚጨናነቅባቸው ቀናት የአንድ ቀን ትኬት በኦክቶበር 2024 206 ዶላር ገባ። በዓመቱ ደግሞ 224 ዶላር ሆነ። ሁለት ወላጆችና ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ ሦስት ልጆች በእንደዚህ ያለ ቀን ቢሄዱ በሩን ለማለፍ ብቻ 1,120 ዶላር ይከፍላሉ። የመኪና ማቆሚያው፣ ምግቡ፣ ማደሪያውና የአውሮፕላኑ ትኬት ገና አልተነኩም። ከኦርላንዶ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዲዝኒ ሆቴሎች ከ2005 ጀምሮ በነፃ ያመላልስ የነበረው አውቶቡስ እንኳ በ2022 መጀመሪያ ላይ ቀርቷል።

ድርጅቱ መከራከሪያ የለውም አይባልም። በካሊፎርኒያ በጣም ርካሹ የቀን ትኬት ከ2019 ጀምሮ በ104 ዶላር እንደቆመ ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ርካሾቹ ቀናት የትኞቹ እንደሆኑ ቀን መቁጠሪያውን ያየ ሰው ይረዳዋል፤ ልጆች ክፍል ውስጥ፣ አባቶችም ሥራ ላይ የሚውሉባቸው ቀናት ናቸው። አዳዲስ መጫወቻዎችን መሥራትም ብዙ ገንዘብ ይፈጃል ይላሉ። ይህም ሐሰት አይደለም።

እኔ ዋጋው ስለናረ ብቻ ነጋዴውን በዳይ አልለውም። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሰዎች ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ተመን እንዲያወጡላቸው ጠይቀው ነበር። እርሳቸው አልተቀበሉም። ዋጋን የሚያወጣውና የሚያወርደው አላህ መሆኑን ነገሯቸው፣ በማንም ሰው ገንዘብ ላይ በደል ፈጽመው ጌታቸውን መገናኘት እንደማይሹም ገለጹላቸው። ስለዚህ ሻጭ ካላጭበረበረና የሰው ቀለብ ካልደበቀ ዕቃውን በወደደው ዋጋ ቢያቀርብ፣ ያልተስማማው ገዢ ትቶ ይሄዳል። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ የሚሸጠው ዕቃ ምንድን ነው?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዲዝኒላንድ የትኬት ደብተር ይሸጥ ነበር። በደብተሩ ውስጥ ያሉት ትኬቶች በፊደል የተለዩ ናቸው። «ኤ» ለትንሹ መጫወቻ ሲሆን፣ ከ1959 በኋላ «ኢ» ለትልቁና ለተወዳጁ ሆነ። ይህ አሠራር እስከ 1982 ቆይቷል። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ማስከፈል ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ነገር ግን «ኢ» ትኬት የያዘ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ሰልፍ ነበር። ገንዘቡ የገዛለት ጨዋታውን እንጂ የሌላውን ሰው ተራ አልነበረም።

በ1999 ፋስትፓስ የሚባል ወረቀት መጣ። መግቢያ የከፈለ ማንኛውም ሰው ከማሽን በነፃ ያወጣና በተጻፈለት ሰዓት ተመልሶ በአጭሩ ሰልፍ ይገባ ነበር። ቀድሞ የደረሰ ይጠቀማል፤ ይህ የሚያስከፋ አልነበረም። በ2021 ፋስትፓስ ቀረና በፍሎሪዳው ፓርክ በምትኩ ለአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር የሚከፈልበት አገልግሎት ተተካ። ቀጥሎ ዋጋው እንደ ቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ሆነ። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ፕሪሚየር ፓስ የሚባለው ተጨመረ፤ ይህ በፍሎሪዳ ጭንቅንቅ በሚበዛበት ቀን ለአንድ ሰው እስከ 449 ዶላር ይደርሳል። ይህን የሚከፍሉት የመግቢያውን ከከፈሉ በኋላ መሆኑን ልብ ይበሉ።

አሠራሩን እናጢን። በመጫወቻው ላይ በሰዓት የሚሳፈረው ሰው ቁጥር የታወቀ ነው። ገንዘብ የከፈለ ሰው ስለመጣ አንዲት ወንበር አትጨመርም። ሁለት ሰልፎች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ በመገናኛው የቆመው ሠራተኛ ከከፋዩ ሰልፍ ብዙ፣ ከመደበኛው ሰልፍ ጥቂት ያስገባል። ስለዚህ ከፋዩ ያተረፈው ደቂቃ ከየትም የመጣ ሳይሆን በጎን ካለው ሰልፍ ከቆመ ሰው የተወሰደ ነው። «አውሮፕላንስ አንደኛ ማዕረግ ይሸጥ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ይሸጣል። ነገር ግን እዚያ የሚሸጠው የተለየ ወንበር ነው፤ ባለ አንደኛ ማዕረጉ ስለተመቸው የኔ በረራ በአንድ ሰዓት አይዘገይም። እዚህ ግን ሻጩ የሚሸጠው ቀደም ሲል ለሌላ ሰው በመግቢያው ዋጋ የሸጠውን ጊዜ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የሻጩ ፍላጎት መለወጡ ነው። ሰልፍ ለፓርኩ ነውር በነበረበት ዘመን ባለቤቱ ሰልፉን ለማሳጠር ይደክም ነበር። ሰልፉን መዝለል ሸቀጥ ከሆነ በኋላ ግን አጭር ሰልፍ ለነጋዴው ኪሳራ ነው። ማን ነው ሃያ ደቂቃ ላለመቆም ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚከፍል? ገዢ የሚገኘው መደበኛው ሰልፍ ሲያስመርር ነው። ዋጋው እየጨመረ ደስታው የሚቀንስበት ምክንያት በአብዛኛው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስለ ደስታው መቀነስ ስናወራ አባትየውን አንርሳ። ድሮ ፓርክ የሄደ ሰው የልጁን እጅ ይዞ ወደ ወደደው ይሄድ ነበር። ዛሬ በፍሎሪዳ የዲዝኒ ሆቴል ያረፈ ከጉብኝቱ 7 ቀን፣ ሌላው 3 ቀን አስቀድሞ የፈጣኑን ሰልፍ ሰዓት በስልኩ መያዝ ይችላል። የረፈደበት የተረፈውን ይወስዳል። በፓርኩ ውስጥም ዓይኑ ከስልኩ አይነሳም። በዚያ ላይ የከፈለው ገንዘብ ራሱ ዕረፍት ይነሳዋል። በ1,120 ዶላር በተገዛ ቀን ልጅ ደክሞት ቢያለቅስ፣ ዝናብ ቢጥል ወይም መጫወቻ ቢበላሽ አባት በዶላር ያሰላዋል። ልጁን ሊያስደስት ሄዶ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የከፈልኩት?» ብሎ ይቆጣዋል። ልጅ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ዳንቴል በመሰለ የብረት አጥር መሀል ተጣጥፎ ሲቆም፣ እኩያው በጎኑ እየሮጠ ሲያልፍ ያያል። «እነሱ ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። የሚሰጠው መልስ «አባታቸው ስለከፈለ ነው» የሚል ነው። ሌላ መልስም የለም።

ውድ አንባቢ፣ ዲናችን ጨዋታን አይጠላም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ ተወዳድረዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውን በጀርባቸው አዝለዋል። በዒድ ቀን ደግሞ ሐበሾች በመስጊዳቸው ውስጥ በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ ከትከሻቸው ኋላ ሆነው ይመለከቱ ነበር፤ እርሳቸውም እስኪሰለቻቸው ድረስ ቆሙላቸው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። እኛ ሐበሾች በዚህ ታሪክ ደስ ይለናል፤ ደስ ሊለንም ይገባል። ልብ ማለት የምፈልገው ግን የጨዋታውን ባለቤቶች ብቻ አይደለም። ወጣቷ ተመልካች እስክትጠግብ ድረስ ቆሞ መጠበቅን ነው። ለሰው ጊዜን መስጠት ማለት ይህ ነው።

ስለ ተራም ትምህርት አለን። ሰዎች በአዛንና በመጀመሪያው ሶፍ ውስጥ ያለውን ምንዳ ቢያውቁ ኖሮ፣ ዕጣ ከመጣል በቀር ሌላ መንገድ ባያገኙ ዕጣ ይጣጣሉ እንደነበር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ዕጣ ነው ያሉት። ጨረታ አላሉም። ቦታ ሲጠብና ፈላጊ ሲበዛ ሰው ቀድሞ በመምጣት ይበልጣል፤ እኩል ከሆኑ ዕጣ ይለያቸዋል። ሌላውን ከተቀመጠበት አስነስቶ በቦታው መቀመጥንም ከልክለዋል፤ ጠጋ ጠጋ በሉ ብለዋል። ይህን የምጽፈው የመስጊድን ሥርዓት በመጫወቻ ላይ ለመጫንም ሆነ ፈትዋ ለመስጠት አይደለም። ፈትዋ የዑለሞች ነው። በመድረሳ ግን ለልጆች ተምር ሳድል የማየው ነገር አለ፦ ተራ ጠብቆ ትንሿን ያገኘ ልጅ አያኮርፍም፣ ተራው የተዘለለ ግን ትልቁን ብትሰጡትም ያለቅሳል።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ፤ ለሙስሊም ቤተሰብ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሌንዲንግትሪ የተባለ የብድር ገበያ ድርጅት በ2024 ባደረገው መጠይቅ ዲዝኒ ከሄዱት መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል ለጉዞው ዕዳ ገብቷል። ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ዘንድ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ዕዳ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው በክሬዲት ካርድ ነው፤ በወሩ ካልተከፈለ ወለድ ይወልዳል። ከቤት ኪራይ ጀምሮ እስከ ሥጋ ድረስ ሐላሉን እየመረጠ የሚኖር ሰው፣ ልጁን በአይጥ መልክ ከተሠራ አሻንጉሊት ጋር ፎቶ ለማስነሳት ሲል ሪባ ውስጥ ሲገባ ምን ይባላል? ሱረቱል ፉርቃን የአላህን ደጋግ ባሮች ሲገልጽ በወጪያቸው የማያባክኑ፣ የማይሰስቱም፣ በመካከል የሚቆሙ መሆናቸውን ያወሳል። መካከሉ የት እንደሆነ እያንዳንዱ አባት ከገቢው ጋር ያመሳክር። በክሬዲት ካርድ ወለድ የተገዛ ጉዞ ግን መካከል አይደለም።

ነገሩ መስመር ማለፉን የድርጅቱ ሰዎችም አላጡትም። ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ቦብ አይገር በ2023 ትርፍ ለማሳደግ በነበረው ጉጉት በዋጋው በኩል ከልክ ሳይታለፍ እንዳልቀረ በይፋ ተናግረው ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ውድ የሆነው የካሊፎርኒያ ትኬት ወደ 194 ዶላር ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ከላይ አይተናል። በማርች 2022 የተከፈተው የስታር ዋርስ ሆቴል ለሁለት ሰው የሁለት ሌሊት ቆይታ 4,800 ዶላር ገደማ ይጠይቅ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2023 ተዘጋ። ሀብታምም ገደብ አለው።

በዚያው በአሜሪካ ሌላ መንገድ የሞከሩ ሙስሊሞች አሉ። ኢክና የተባለው እስላማዊ ማኅበር በኒው ጀርሲ ባለው ሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር ፓርክ ከ2000 ጀምሮ የሙስሊም ቤተሰቦች ቀን አዘጋጅቷል። ሐላል ምግብ ይቀርባል፤ ሶላት በጀማዓ ይሰገዳል። ይህ ፓርክ በአዘቦቱ ቀን ፈጣን ሰልፍ ከመሸጥ የጸዳ አይደለም። ቢሆንም አንድ ማኅበረሰብ ተሰባስቦ ሲሄድ ልጁ የሚያስታውሰው መጫወቻውን ብቻ አይሆንም፤ በፓርኩ መሀል ከአባቱ ጎን መስገዱንም ያስታውሳል። በየከተማው ያሉ የኢትዮጵያ ሙስሊም ማኅበሮቻችን በአካባቢያቸው ካለ አነስተኛ ፓርክ ጋር እንዲህ ያለ ነገር ቢነጋገሩ ከፍሎሪዳ ጉዞ በብዙ የረከሰ ይሆናል።

በሜይ 2025 ዲዝኒ በአቡ ዳቢ፣ ያስ በተባለችው ደሴት አዲስ ፓርክ እንደሚኖር አስታውቋል። የሚገነባውና የሚያስተዳድረው ሚራል የተባለው የአገሩ ድርጅት ነው። እንግዲህ ጉዳዩ ወደ ሙስሊም አገር፣ ብዙ ዘመዶቻችንም ወደሚሠሩበት ባሕረ ሰላጤ እየመጣ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ከተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠይቀውታል። በነዚህ ፓርኮች በየመጫወቻው በር ላይ የሚጠበቀው ደቂቃ ይለጠፋል፤ ከመቶው ወንበር ስንቱ ለከፋዩ ሰልፍ እንደተያዘ ግን በመደበኛው ሰልፍ ለቆመው አይነገረውም። በአቡ ዳቢ ተራ መሸጥ የማይቀር ከሆነ፣ ይህች ቁጥር በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ከደቂቃው ጎን ትጻፍ። ገዢው መግቢያውን ከመክፈሉ በፊት፣ በትኬት መሸጫው መስኮት ላይም ትለጠፍ።